ማሽኑ ዘጠና ስምንት ሲል

ሟቿ ገና ከወንበሩ አልተነሳችም። የጥርስ ሐኪም ወንበር ወደ ኋላ ሲለጠጥ አልጋ ስለሚመስል፣ በር ከፍቶ የገባ ሰው ያሸለበች ሴት ያየ ይመስለዋል። ኢንስፔክተሩም እንዳይቀሰቅሳት የፈራ ይመስል በእግሩ ጣት ነበር የገባው። ከዚያ እጆቿን አየ። ከጥፍሯ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ ናቸው።

«ሰው ሲሞት እንዲህ ይሆናል እንዴ?» አለ ከኋላው የቆመው ፖሊስ።

«ይኼ የሞት አይደለም። የሥራዋ ቀለም ነው።»

ሴትየዋ ክር ነካሪ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጇን የቀለም በርሜል ውስጥ ስትከት ኖራ፣ ሳሙናም ሆነ በረኪና ሙልጭ አድርጎ የማያስለቅቀው ሰማያዊ ቆዳዋ ላይ ቀርቷል። ከበርሜል ፍል ውሃ የማትሸሽ ሴት፣ የጥርስ ሐኪም ግን ስሙ ሲነሳ ወሬ ትቀይር ነበር። በዚያ ጠዋት አራት የበሰበሱ መንጋጋ ጥርሶቿን ልታስነቅል የመጣችው፣ ሴት ልጇ ስንት ወር ለምናት ነው። የተስማማችውም በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ምንም ሳታይ፣ ምንም ሳትሰማ።

ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ «ቆይማ» ይሉታል። ነገሩ ግልጽ ነው በተባለበት ቦታ ሁሉ ይህችን ቃል ጣል ስለሚያደርግ ነው። አለቆቹ በዚህ አይወዱትም፤ ነገር ሲጠጥር ግን ከእሱ በቀር የሚጠሩት የለም። ዛሬ ግራ ጉንጩ አብጧል። ሦስት ሳምንት ሲጠዘጥዘው የከረመ መንጋጋ ጥርስ አለው። ጠመንጃ የደገነበትን ሰው አነጋግሮ ትጥቅ ያስፈታ ጀግና፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈራል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ግን ታውቃለች፤ እሷ ስለምታውቅም ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ከሟቿ ላይ የተገኘውን ዕቃ አንድ በአንድ አየ። ቁልፍ፣ መነጽር፣ ትንሽ ቦርሳ፣ ከደረቷ ሥር የተሸጎጠች አንዲት መሐረብ። መሐረቧ ጫፏ ላይ ተቋጥራለች። ሁሉንም አሳሽጎ ወደ ጣቢያው ላከ።

የጥርስ ሐኪሙ ጸጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ፣ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሳይጠየቅ አንድ ረጅም ወረቀት ዘረጋለት። ማሽኑ በየአሥር ሰከንዱ የመዘገበው ነው። የታካሚ ጣት ላይ የሚደረግ ትንሽ ቆንጣጭ አለ፤ በእሱ አማካይነት የደሟን ኦክስጅንና የልቧን ምት ያነባል።

«ይኸው ይዩት» አለ። «ኦክስጅኗ እስከ አራት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ድረስ ዘጠና ስምንት ነው። ከዚህ የተሻለ ቁጥር እርስዎም የለዎትም። ልቧ ነው ድንገት የቆመው። ልብ ሲቆም አያስጠነቅቅም።»

«የልብ ሕመም ነበረባት?»

«ምቷ ይዘባረቅ ነበር። ስንለካት አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። መዝገቧ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ።»

«የሚያስተኛውን መድኃኒት ማን ሰጣት?»

«ሲስተሯ ናት።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው መወንጀል አልፈልግም። ግን ባዶ ብልቃጦቹ ሦስት ናቸው፤ እሷ የጻፈችው ሁለት ነው።»

መወንጀል የማይፈልግ ሰው ብልቃጥ ባይቆጥር ጥሩ ነበር፤ ኢንስፔክተሩ ግን ይህን በሆዱ ያዘው።

«ጉንጭዎ አብጧል እኮ» አለ ሐኪሙ ድንገት። «ላደንዝዝልዎት? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ኢንስፔክተሩ እንዴት እንደሆነ ሳያውቀው ሁለተኛው ክፍል ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን አገኘው። ሐኪሙ መርፌውን ከክዳኑ መዝዞ ጎንበስ ሲል ላብ አጠመቀው።

«ቆይማ! ሌላ ቀን ይሁን» አለ የሐኪሙን ክንድ ይዞ።

ሐኪሙ ሳቀ። ክዳኑ ትሪው ላይ እንደተጋደመ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው፣ በአንድ እጁ መርፌውን ክዳኑ ውስጥ ሻጥ አድርጎ ቀና አደረገው። ቀጭ አለ።

«እጅዎ እንዴት ለምዷል!»

«በቀን ሃያ ጊዜ እኮ ነው። እኛ አንዱን መርፌ ለአንድ ታካሚ እየመላለስን ስለምንወጋበት ክዳኑን እንመልሳለን። ይኼ ጥርስ ሐኪም ሁሉ ያለው ልምድ ነው።»

ነርሷ በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው እስክሪን ሥር ቆማ ነበር የጠበቀችው። እስክሪኑ በአንደኛው ክፍል ያለው ማሽን የሚያነበውን ቁጥር እዚህ ያሳያል። እዚህ ቤት ከተቀጠረች ሰባት ወሯ ነው።

«ሁለት ጊዜ ነው የሰጠኋት» አለች። «አራት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ አራት ሰዓት ከአምስት። ከስምንት ደቂቃ በኋላ የሚቀጥለውን ታካሚ አዘጋጂ ተብዬ ወደዚህ መጣሁ።»

«የተኛ ሰው ጥለው?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «ሁለት ወንበር፣ አንድ ነርስ ነን። አይሆንም ብዬ ተከራክሬያለሁ። 'እስክሪን አለሽ አይደል' አሉኝ ዶክተሩ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔን አልነቀልኩም። ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ስምንት። አራት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ላይ ቁጥሩ ድርግም አለ። ሮጬ ስገባ ዶክተሩ ደረቷን እየተጫኑ ነበር። የሚያስተኛው መድኃኒት ማርከሻ ሁልጊዜ እኔ ኪስ ነው ያለው። ወጋኋት። ግን ከንፈሯ ቀዝቅዞ ነበር።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ዘጠና ስምንት ያለው ሰው እንዴት ይቀዘቅዛል?»

ሁለተኛው ታካሚ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር። ነርሷ ከክፍሉ ንቅንቅ እንዳላለች ቀደም ብሎ ለፖሊሱ ነግሮታል።

«ማሽኑ ጮኾ ነበር?» ሲል ነርሷን ጠየቃት።

«እኔ እያለሁ በየደቂቃው ይጮህ ነበር። የጣቷ ቀለም ማንበብ እየከለከለው ነው። ዶክተሩ 'ዝም አሰኚው፣ ሰው ያስደነግጣል' ሲሉኝ 'ይጩህ' አልኩ። ከወጣሁ በኋላ ዝም አለ። ጣት ቀይረውላት ይሆናል ብዬ…»

«ሲስተር፣ የተወጋበትን መርፌ ምን ያደርጉታል?»

«ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እጥለዋለሁ።»

«ክዳኑን መልሰው?»

«በፍጹም! ክዳን ሲመልስ ነው ሰው ራሱን የሚወጋው። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ አንድ ቀን መልሼ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ሴፍቲ ቦክሱን አስከፈተ። የሚያስተኛው መድኃኒት የተቀዳባቸው ሦስት መርፌዎች ተገኙ። ሁለቱ ራቁታቸውን ናቸው። ሦስተኛው ክዳኑ ተመልሶለታል።

የሐኪሙ ረዳት ከሐኪሙ ጋር ዘጠኝ ዓመት የሠራች፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ናት። ቀኝ እጇን እያወራጨች ትናገራለች። ግራ እጇ ግን ከጋወኗ ኪስ አልወጣም።

«ምንም አላየሁም። እኔ ምራቅ መምጠጫውን ይዤ ነው የቆምኩት።»

«በየትኛው እጅሽ?»

«በቀኜ።»

«ግራሽስ?»

«ግራዬማ… ሥራ አልነበረውም» አለችና ኪሷን ከውጭ በኩል በቀኝ እጇ ያዘችው።

የሟቿ ሴት ልጅ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነበረች። ከአግዳሚው እስከ ክፍሉ በር ስምንት እርምጃ ነው፤ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ ተብላ እዚያ ቀርታለች። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ሲቀመጥ ሁለት እጆቿን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ይሰሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት። እዚህ ላሉትም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ቆይማ ልጄ። ምን አድርገሽ?»

«ሌሊቱን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ አደረች። አንጀቴን በላችው። ጠዋት የራሴን የማረጋጊያ ኪኒን ግማሹን ሰብሬ ሰጠኋት። መድኃኒት ወስዳ እንዳትመጣ ብለውን ነበር እኮ! 'ለሐኪሙ አትንገሪ፣ ቀጠሮውን ይሰርዙብናል' አልኳት። ዋጥሽው ስላት እንደ ሕፃን ምላሷን አውጥታ አሳየችኝ።» እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለች። «የእኔ ኪኒንና የእነሱ መድኃኒት ተደራርቦ ነው አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ ጋሼ። እኔ ነኝ?»

ኢንስፔክተሩ «አይደለሽም» ቢላት ደስ ባለው። ግን የማያውቀውን ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«እስካሁን አላውቅም። የላብራቶሪው ውጤት ሳምንት ይፈጃል። ግን ሳላውቅ አልተውሽም። እዚህ ተቀምጠሽ የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ አቆመ። በኋላ ማንኮራፋት ጀመረች፣ እስከዚህ ይሰማል። ደስ አለኝና ለእህቴ መልእክት ላኩላት።» ስልኳን አሳየችው። አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት፤ «እንደ ቤቷ እያንኮራፋች ነው»። አራት ሰዓት ከሃያ አራት፤ «አሁን ዝም አለች፣ ተመስገን»።

ያቺን የመጨረሻ ቃል ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

በማግሥቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ጣቢያው ዕቃ ክፍል ገብቶ ከኃላፊው ጋር አንድ ማሸጊያ ከፈተ፤ አየ፤ አስመዘገበ፤ መልሶ አሽጎ፣ ፈርሞ ወሰደው። ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሴትየዋ የሞተችበት ክፍል እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ባዶው ወንበር መሐላቸው ነው። ሐኪሙ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ረዳቷ በሩ ጋ፤ ነርሷና የሟቿ ልጅ ጎን ለጎን።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ዘረጋው።

«ይህን የሰጡኝ ዶክተሩ ናቸው፤ አመሰግናለሁ። ከመጀመሪያው እንጀምር። እስከ አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ድረስ የልቧ ምት ሰማንያ አንድ፣ ስድሳ አራት፣ ዘጠና ሰባት እያለ ይዘላል። ዶክተሩ በእጃቸው እንደጻፉት ነው፤ የተዘባረቀ። ከዚያ አርባ ሰከንድ ያህል ባዶ ነው። ሲመለስ ሰባ፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ። የዓመታት ሕመም በአርባ ሰከንድ ዳነ ማለት ነው?»

«መድኃኒቱ አረጋግቷት ይሆናል» አለ ሐኪሙ።

«መድኃኒቱ እንቅልፍ ይሰጣል እንጂ የተዘባረቀ ልብ አይጠግንም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እሺ፣ ይሁን። ልጇ ደግሞ በሃያ አራት ላይ ማንኮራፋቷ መቆሙን ለእህቷ ጽፋለች። ማንኮራፋቱ የሚያሳየው ጉሮሮዋ እየጠበበ እንደነበረ ነው። ዝምታው ደግሞ ትንፋሽ ነው የቆመው። ሲስተር በሠላሳ ሦስት ሲገቡ ዶክተሩ ደረቷን እየተጫኑ ነው፤ ከንፈሯ ቀዝቅዟል። ማሽኑ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዘጠና ስምንት ይላል። ትንፋሽ የሌላት ሴት ዘጠና ስምንት አይኖራትም። ስለዚህ ማሽኑ አልዋሸም። ያነበበው የሌላ ሰው ጣት ነው።»

ነርሷ አፏን ያዘች።

«የማን?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሲስተር ግድግዳው ወዲያ ናቸው፤ ምስክር አላቸው። ልጇ ውጭ ናት። ዶክተሩ ሁለት እጃቸው የታካሚዋ አፍ ውስጥ ነው። ሥራ ያልነበረው አንድ እጅ ብቻ ነው።» ወደ ረዳቷ ዞረ። «ግራ እጅሽ።»

ረዳቷ እጇን ከኪሷ አወጣችው።

«ሁልጊዜ እናደርገዋለን» አለች በመጨረሻ። «ቆንጣጩ በሆነ ባልሆነው ሲጮህ እኔ ጣት ላይ እናደርገዋለን። አዲሷ ሲስተር ከመጣች ወዲህ፣ እሷ ስትወጣ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም ሆኖ አያውቅም።»

«እኔ ስመለከት የኖርኩት ያንቺን ጣት ነው?» አለች ነርሷ። «ሰባት ወር?»



«ጥፍሯ ሲጠቁር እንኳ ማንም አላየም» ቀጠለ ኢንስፔክተሩ፤ «ጥፍሯ ድሮም ሰማያዊ ነው። አፏ በጥጥና በእጅ ተሸፍኗል። የቀረው ጠባቂ ማሽኑ ነበር፤ እሱን ሌላ ሰው አስጠበቃችሁት። አሁን እዚህች ላይ እዩልኝ።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «በሃያ ሰባት ላይ ሰባ የነበረው ምት መቶ ሃያ ስድስት ገባ። ኦክስጅኑ አልተነካም። ይኼ የደነገጠ ጤነኛ ሰው ልብ ነው። ያኔ አወቅሽ። ቁጥሩ የጠፋው ግን በሠላሳ ሦስት ነው። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ልብሽ እየደለቀ ጣትሽን አላወጣሽም። ለምን?»

ረዳቷ ሐኪሙን አየችው። እሱ ወለሉን አየ።

«እሷ ካልተናገረች እኔ ልገምት። ሴትየዋ ነቃ ስትል ሦስተኛውን መርፌ የሰጠ ሰው አለ። ሲስተር በአሥራ ስድስት ዓመት ክዳን መልሰው አያውቁም። ሦስተኛው መርፌ ክዳኑ ተመልሷል። ትናንት ጥርሴን ሊያደነዝዙልኝ ሲሉ፣ እጅዎ ሳያይ እንዴት እንደሚከድን አሳይተውኛል ዶክተር። ልምድ ነው፤ ሲያደርጉት አይታወቅዎትም።»

ሐኪሙ ቀይ ሆነ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«እሺ፣ ትንሽ ጨመርኩላት! የእኔ መጠን ማንንም አይገድልም። የገደላት የቤት ኪኒን ነው! እዚሁ ቆማ እየጮኸች 'እኔ ነኝ' ብላለች፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል! ይችን ለምን አይጠይቋትም?»

ነርሷ የልጅቷን ክንድ ያዘች። ልጅቷ ለመከራከር አልሞከረችም፤ ሲጠብቃት የቆየው ፍርድ የደረሰ ነበር የመሰላት።

«ቆይማ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ማሸጊያውን ከኪሱ አወጣ። መሐረቧን ትሪው ላይ አስቀምጦ፣ በወፍራም ጣቶቹ ቋጠሮውን ቀስ ብሎ ፈታው። ግማሽ ኪኒን ወደቀች። ነጭ ናት፤ አንድ ጎኗ ላይ የእርጥብ ጣት ሰማያዊ አሻራ አለ።

«ኪኒኗ ይህች ናት ልጄ?»

ልጅቷ ቀረብ ብላ አየች። የተሰበረውን ጠርዝ አወቀችው።

«አልዋጠችውም» አለች።

«አልዋጠችውም። ምላሷን ያሳየችሽ ጉንጯ ሥር ደብቃ ነው። መድኃኒት ወስደሽ እንዳትመጪ ተብላለች፤ ከአንቺ ይልቅ እነሱን ፈርታ ትእዛዙን ጠበቀች። አንቺን ላለማስቀየም ደግሞ ቋጠረችው።»

ያኔ በሩ ጋ ያለችው ረዳት ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ዘጠኝ ዓመት የያዘችው ዝምታ ያበቃው ሐኪሙ ልጅቷን ሲወነጅል ስትሰማ ነው።

«'ዶክተር፣ አትተነፍስም' አልኳቸው። 'አውቃለሁ፣ ላነቃት ነው፣ ጣትሽን እንዳታወጪ' አሉኝ። 'ሲስተርን ልጥራ' ስላቸው 'ከገባች ሦስተኛውን መርፌ ታውቃለች፣ ቤቱን ታዘጋብናለች፣ ልጆችሽን በምን ታሳድጊያለሽ?' አሉኝ። አገጯን ቀና አደረጉ፣ ጉንጯን መቱ፣ ደረቷን ተጫኑ። እኔ ቆሜ ነበር። ቁጥሩን እያየሁ ቆሜ ነበር።»

«ማርከሻው እኔ ኪስ ነበር» አለች ነርሷ በሹክሹክታ። «ግድግዳው ወዲያ። ቢያንኳኩልኝ እኮ ይበቃ ነበር።»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ሐኪሙ ጸጉሩን በመዳፉ አስተካከለና ወጣ። ረዳቷ ተከተለችው፤ ግራ እጇን አሁንም የት እንደምታደርገው አላወቀችም።

ኢንስፔክተሩና ልጅቷ ክፍሉ ውስጥ ቀሩ። ኪኒኗን ለብቻ አሽጎ መሐረቧን ሰጥቷት፣ እሷ እያጣጠፈቻት ነበር።

«እኔ አይደለሁማ» አለች።

«አይደለሽም።»

«ተኝተሽ ይሁን ያልኳት ግን እኔ ነኝ።»

«መተኛቷ አይደለም የገደላት። በየቀኑ ስንት ሰው ተኝቶ ታክሞ፣ ነቅቶ ቤቱ ይገባል። አጠገባቸው የሚያያቸው ሰው ስላለ ነው። እናትሽ አጠገብ የቆመው ሰው የሚያየው ቁጥር ነበር።» ይህን ሲል ጉንጩን ያዘ፤ ጠዝጥዞት ነበር።

ልጅቷ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በደንብ አየችው።

«ጥርስዎን ነው?»

«ሦስት ሳምንቱ ነው» አለ፤ ለምን ለእሷ እንደነገራት ሳይገባው። «እፈራለሁ።»

ልጅቷ በሩን አየች፤ ከዚያ ከበሩ ባሻገር ያለውን አግዳሚ፣ ስምንቱን እርምጃ። መሐረቧን ደረቷ ሥር ሸጎጠች።

«ቀጠሮ ሲይዙ ይንገሩኝ ጋሼ» አለች። «ውጭ ጠብቂ ቢሉኝም አልወጣም። አጠገብዎ እቀመጣለሁ፤ ማሽኑን ሳይሆን እርስዎን አያለሁ።»